ከቪኤምዌር ልንወጣ ነው፤ አለቃዬ ደግሞ «ፕራይቬት ክላውድ» ይላል። ምን ልሥራ?

ራክ_ጥግ

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አዲስ አበባ አንድ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ ነኝ፣ ስሙ ይቅር። ዳታ ሴንተር ብለን የምንጠራት ክፍል አለችን፦ ሁለት ራክ፣ ሁለት ኤሲ፣ አንድ ዩፒኤስ፣ ውጭ ደግሞ ጄኔሬተር። ራኩ ላይ 3 ዴል አር740 አሉ። እያንዳንዱ 2 ሲፒዩ፣ በድምሩ 32 ኮር፣ 256 ጊጋ ራም አለው። ሦስቱም በአይስካዚ (ዲስክን በኔትወርክ የሚያገናኝ ዘዴ) ከአንድ ስቶሬጅ ጋር ተያይዘዋል። ስቶሬጁ 20 ቴራ ነው፤ 4 ሉን (የዲስክ ክፍል) ባለ 4 ቴራ ተከፍሎ ለሰርቨሮቹ ተሰጥቷል፣ ቀሪው 4 ቴራ አልተነካም። በዚህ ሁሉ ላይ 46 ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ፣ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር) ይሠራል፣ የሚያሠራቸው ቪኤምዌር ነው። ግማሹ ዊንዶውስ፣ ግማሹ ኡቡንቱና ሴንትኦኤስ። ፋይናንሱ፣ ኢሜይሉ፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪው (የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ የሚያዝበት)፣ የካሜራ ቅጂው፣ ከዚያ ደግሞ ማን እንዳስነሣቸው የማይታወቁ 5 ማሽኖች። ማጥፋቱን ሁላችንም እንፈራለን።

ያለነው ቪስፌር 7 በሚባለው የቪኤምዌር ሶፍትዌር ላይ ነው። ላይሰንሱ የድሮው ነው፣ አንዴ ተገዝቶ የሚቀረው። የቪስፌር 7 ድጋፍ ግን በፈረንጅ ኦክቶበር 2/2025፣ በኛ መስከረም 22/2018 አብቅቷል። ብሮድኮም በኖቬምበር 2023 ቪኤምዌርን ከጠቀለለ በኋላ ደግሞ አንዴ ገዝቶ መገላገል ቀርቷል። አሁን ዓመታዊ ክፍያ ነው፣ በኮር ይቆጠራል፣ ሲፒዩው 8 ኮር ብቻ ቢኖረውም የ16 ይታሰባል። በዶላር ነው እንግዲህ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ነገር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር በየዓመቱ የሚከፈል ነገር ስብሰባ ላይ ማንሣት ራሱ ልብ ይጠይቃል።

አለቃዬ ከአንድ ስልጠና መጣና «ፕራይቬት ክላውድ እንገንባ» አለ። እኔ ዩቲዩብ ላይ ስለ ኦፕንስታክ፣ ስለ ነፃው የክላውድ መገንቢያ ሶፍትዌር፣ አይቼ ጓጉቻለሁ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁለት ሰው ነን፣ እኔና አንድ ዘንድሮ የተመረቀ ልጅ።

ጥያቄዬ፦ በቪኤምዌር ፋንታ ኦፕንስታክ፣ ፕሮክስሞክስ ወይስ የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ? አራተኛ ሰርቨር ሳንገዛስ ሥራ ሳይቆም መሻገር ይቻላል ወይ? ስቶሬጁን ትተን ሴፍ (የሰርቨሮቹን የራሳቸውን ዲስኮች አንድ ስቶሬጅ የሚያደርግ ሶፍትዌር) ብንገባስ?

የሌሊት_ተረኛ

ወንድሜ፣ ሃይፐርቫይዘሩን፣ ማሽኖቹን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ ለጊዜው እርሳው። መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል? እሱን ሳትነግረን ምርጫ ደረደርክ።

የኛን ልንገርህ። ቅዳሜ ለእሑድ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ጥበቃው ደወለ። «ያ ክፍል ይጮኻል» አለኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው ስልኩን በሩ ላይ ደግኖ አሰማኝ። የሰርቨር ፋን ነው፣ ባለ በሌለ ኃይሉ የሚሽከረከር። መብራት ሄዷል፣ ጄኔሬተሩ ተነሥቷል፣ ሰርቨሮቹ እየሠሩ ነው። ኤሲው ግን ጄኔሬተሩ መስመር ላይ የለም። ክፍሉ ሲሠራ ኤሌክትሪሻኑ ኤሲውን ከቢሮው መብራት ጋር ነው ያገናኘው፣ ማንም ልብ አላለውም፤ ከዚያ በፊት መብራት የሚጠፋው ቀን ቀን ስለነበረ በሩን ከፍተን፣ ፋን አቁመን፣ ሳናውቀው እናልፈው ነበር። እኔ ታክሲ ፈልጌ እስክደርስ ሁለቱ ሰርቨሮችና ስቶሬጁ ከሙቀቱ የተነሣ ራሳቸውን አጥፍተዋል።

እሱ እንኳ ቀላል ነበር። ጉዱ የመጣው ስናስነሣቸው ነው። ሰርቨሮቹ ከስቶሬጁ ቀድመው ተነሡ፣ ሉኖቹን አጧቸው፣ ማሽኖቹ ሁሉ «የሉም» ሆነው ቁጭ አሉ። ስቶሬጁን አስነሥቼ ቪሴንተር (የቪኤምዌር መቆጣጠሪያ) ልግባ ስል በስም አይከፍትም፤ ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉመው ዲኤንኤሱ ራሱ ካልተነሡት ማሽኖች አንዱ ውስጥ ነው ያለው። የአይፒ ቁጥሮቹን የመዘገብኩበት ፋይል የት ነበር? ፋይል ሰርቨሩ ላይ። እሱም አልተነሣም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ።

አሁን ወረቀት አለን። ላሚኔት ተደርጎ ራኩ በር ላይ ተለጥፏል። አይፒዎቹና የማስነሻ ቅደም ተከተሉ ተጽፈውበታል፦ መጀመሪያ ስዊች፣ ቀጥሎ ስቶሬጅ፣ 10 ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ ሰርቨር፣ ከዚያ ዲኤንኤስና አክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ ከዚያ ዳታቤዝ፣ ሌላው በመጨረሻ። ፕሮክስሞክስ ላይ ለየማሽኑ ተራና የመቆያ ሰከንድ መስጠት ይቻላል፣ ቪስፌርም አለው፣ ሰው ግን አይሞላውም። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ወይ በኔትወርክ የሚናገር ከሆነ ነት የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር አገናኘው፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማሽኖቹን በሥርዓት ያጠፋልሃል። ጄኔሬተር አለን ብለህ አትመካ። ናፍጣ ያለቀ ቀን ታየዋለህ።

ሦስት_ኮፒ

ኦፕንስታክ ላይ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። እወደዋለሁ። ለሁለት ሰው ግን አትጀምረው።

ኦፕንስታክ አንድ ሶፍትዌር አይደለም። በ2010 ናሳና ራክስፔስ ሲጀምሩት ጀምሮ የብዙ ፕሮጀክቶች ስብስብ ነው። ማሽን የሚያስነሣው ኖቫ፣ ኔትወርኩ ኒውትሮን፣ ዲስኩ ሲንደር፣ መግቢያው ኪስቶን፣ ምስሎቹን የሚይዘው ግላንስ፤ ከሁሉም ጀርባ ደግሞ ዳታቤዝና መልእክት የሚያመላልስ ራቢትኤምኪው አለ። አንዷ ማሽን አልነሣ ስትል ስህተቱን ፍለጋ አምስት ሎግ ታገላብጣለህ። የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ሰርንን የመሰለ ድርጅት ከ2013 ጀምሮ ይሠራበታል፣ ግን እሱን ብቻ የሚከታተል ቡድን አለው። እናንተ አላችሁ?

ከላይ ወንድማችን ስለ መብራት ያነሣው እዚህ ጋ ይገናኛል። የኦፕንስታክ ዳታቤዝ ብዙ ጊዜ ጋሌራ በሚባል ክላስተር በሦስት ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። አንዱ ሰርቨር ቢወድቅ ችግር የለም። ሦስቱም አንድ ላይ ከጠፉ ግን ሲነሡ «ከመካከላችን የመጨረሻውን መረጃ የያዘው ማን ነው?» ብለው ይጠባበቃሉ፣ በራሳቸው አይነሡም፣ ሰው ገብቶ የትኛው እንደሚቀድም መወሰን አለበት። መብራት በማይሄድበት አገር ይህ በዓመት አንዴ የሚደርስ ጣጣ ነው። እኛ ጋ የክረምት ሥራ ነበር።

ስለ ሴፍ፣ ስሜን አይተህ አዎ እንደምልህ እንዳትጠብቅ። በ3 ሰርቨር ይሠራል። እያንዳንዱን መረጃ 3 ቦታ ስለሚያስቀምጥ በየሰርቨሩ 8 ቴራ ኤስኤስዲ ብትገዛ 24 ገዝተህ የምትጠቀመው 8ቱን ነው፣ ያውም ሙሉውን አይደለም። 85 በመቶ ሲደርስ ማስጠንቀቅ ይጀምራል፣ 95 ላይ መጻፍ ያቆማል፣ ያን ጊዜ 46ቱም ማሽኖች ናቸው የሚቆሙት። አንድ ሰርቨር ሲወድቅ ሥራው ይቀጥላል፤ ግን ሦስተኛውን ኮፒ የሚያስቀምጥበት አራተኛ ቦታ ስለሌለ ያ ሰርቨር እስኪመለስ ድረስ ቁስሉ አይሽርም። ቢያንስ 10 ጊጋ ስዊች ለብቻው ይፈልጋል። ኤስኤስዲው ደግሞ ከኮምፒውተር ሱቅ የሚገዛው ዓይነት መሆን የለበትም። መብራት ሲሄድ በእጁ ያለውን ጽፎ የሚጨርስበት ካፓሲተር ያለው፣ ለሰርቨር የተሠራው ነው የሚሆነው፤ ያ ከሌለ ሴፍ በኤሊ ፍጥነት ነው የሚሄድ። ገንዘቡ ከሌለ ያለህን ስቶሬጅ ይዘህ ቆይ።

አሽበርን_ሌሊት

እኔ ቨርጂኒያ፣ አሽበርን ነው የምሠራው፣ ዳታ ሴንተር ከቤት በበለጠበት ሰፈር። በእህቴ በሦስት_ኮፒ ሐሳብ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። አለቃው «ክላውድ» ሲል ሁላችሁም ሶፍትዌር ፍለጋ ሮጣችሁ። የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ኒስት በ2011 ክላውድ ማለት ምን እንደሆነ ሲጽፍ መጀመሪያ ያስቀመጠው ተጠቃሚው ሰው ሳይለምን ራሱ የሚፈልገውን ማስነሣት መቻሉን ነው። ኖቫና ኒውትሮን የሚል ነገር የለበትም። ስለዚህ አለቃህን ጠይቀው፦ ምን ቢስተካከል ነው ክላውድ አለን የምትለው?

በእርግጥ የየክፍሉ ሰው ራሱ ገብቶ፣ በተመደበለት ኮታ፣ ማሽን ያስነሣ ከተባለ ክላውድስታክን እዩት። ከ2012 ጀምሮ በአፓቺ ሥር ነው፣ ኬቪኤም (የሊኑክስ ሃይፐርቫይዘር) ላይ ይሠራል፣ በአንድ ማኔጅመንት ሰርቨርና በአንድ ማይኤስኪውኤል ሊጀመር ይችላል። ከኦፕንስታክ በጣም ይቀላል። እንደ ኦፕንስታክ ስሙ አይጠራም እንጂ።

ሌላው፣ ሂሳብ ሥራ። 3 ጊዜ 256፣ 768 ጊጋ ራም አለህ። አንዱ ሲወድቅ 512 ይቀራል። ለሰርቨሮቹ ለራሳቸው ትንሽ ስትተው 480 ገደማ በለው። ለማሽኖቹ የሰጠኸው ሲደመር ስንት ነው?

ራክ_ጥግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኤሲው ጄኔሬተር ላይ መሆኑን ዛሬ ጠዋት ሄጄ አረጋገጥኩ። አንደኛው ነው። ሁለተኛው አይደለም።

ራሙን ደመርኩት። 610 ጊጋ። አንድ ሰርቨር ቢወድቅ ሁሉም እንደማይነሣ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር፣ ደፍሮ የሞከረው ሰው ስለሌለ።

አለቃዬንም ጠየቅኩት። ክላውድ የሚለው ለካ «ማሽን ስንጠይቃችሁ ሁለት ሳምንት ትፈጃላችሁ» ማለቱ ነው። እኛ ከቴምፕሌት (ቀድሞ ከተዘጋጀ ናሙና) ማሽን ስናስነሣ 10 ደቂቃ አይፈጅም። ሁለት ሳምንቱን የሚወስደው ፎርሙ ነው፣ 4 ፊርማ አለው፣ ከፈራሚዎቹ አንዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ መስክ ላይ ነው።

የሌሊት_ተረኛ

ሃሃ። ኦፕንስታክ ፊርማ አይቀንስም።

ሲዲ_ሮም

ባለፈው ዓመት 60 ማሽን አሻግሬያለሁ፣ ከቪኤምዌር ወደ ፕሮክስሞክስ። ፕሮክስሞክስን የሚሠራው ቪየና ያለ ድርጅት ነው፣ ሶፍትዌሩ ከ2008 ጀምሮ አለ፣ ውስጡ ኬቪኤም ነው። ሳይከፍሉ መጠቀም ይቻላል፤ ድጋፍ ከፈለግክም ክፍያው በሶኬት (በሲፒዩ ብዛት) እንጂ በኮር አይደለም፣ ላንተ 6 ሶኬት ማለት ነው። ሃይፐር-ቪም መጥፎ አይደለም፤ የዊንዶውስ ሰርቨር ዳታሴንተር ላይሰንስ አስቀድሞ ካላችሁ የዊንዶውስ ማሽኖቹን ቁጥር ሳትገድብ ታስነሣበታለህ። ከሌላችሁ ግን ከአንድ ላይሰንስ ሸሽቶ ሌላ ውስጥ መግባት ነው።

ከመንካትህ በፊት ራሙን ቀንስ። 16 ጊጋ ተሰጥቶት 3 የሚጠቀም ማሽን እንደሚኖር እወራረዳለሁ። ሲፒዩም እንደዚያው። «ፈጣን ይሁን» ተብሎ 16 ቪሲፒዩ (ቨርቹዋል ሲፒዩ) የተሰጠው ዳታቤዝ እኛ ጋ ነበር፣ ወደ 6 ስናወርደው ፈጠነ፤ ብዙ ኮር የያዘ ማሽን ተራ ጥበቃው ይበዛበታል። 610ሩን ከ480 በታች ካላወረድክ አንዱን ሰርቨር ባዶ ማድረግ አትችልም፣ አንዱን ባዶ ሳታደርግ ደግሞ ጉዞው አይጀመርም።

ከዚያ እንዲህ ነው። አንዱን ሰርቨር ባዶ አድርገህ ፕሮክስሞክስ ጫንበት። ያልተነካውን 4 ቴራ አዲስ ሉን አድርገህ ለእሱ ስጠው። የቪኤምዌርን ሉን ፕሮክስሞክስ እንዳያይ አድርግ፣ በስህተት ፎርማት ያደረገ ሰው አውቃለሁ፣ እኔ አይደለሁም ብል አታምኑኝም። ማሽኖቹን ጥቂት በጥቂት አሻግር። ከድሮዎቹ ሉኖች አንዱ ባዶ ሲሆን ሰርዘህ ለአዲሱ ወገን ስጥ፣ እንዲህ እያልክ ቦታ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ሰርቨር ሲገባ ክላስተር (በአብላጫ ድምፅ የሚወስኑ ሰርቨሮች ስብስብ) ትሠራለህ። እዚህ ጋ ተጠንቀቅ፦ ሁለት ሰርቨር ብቻ ሲሆኑ አንዱ ከጠፋ ሌላው ብቻውን ድምፅ አይሞላለትም፣ ማሽን አስነሣ ስትለው እምቢ ይላል። ሦስተኛው እስኪገባ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኪውዲቫይስ ጭነህ ሦስተኛ ድምፅ ሰጪ አድርገው።

ከ2024ቱ 8.2 ጀምሮ ከኢኤስኤክስአይ (ከቪኤምዌር ሃይፐርቫይዘር) በቀጥታ የሚያስገባ መሣሪያ አለው። በቪሴንተር በኩል ሳይሆን ከራሱ ከሰርቨሩ ጋር አገናኘው፣ በቪሴንተር በኩል ይጓተታል። ስናፕሾት (የማሽኑን የአንድ ጊዜ ሁኔታ የሚይዝ) ያለበትን ማሽን መጀመሪያ ስናፕሾቱን አጥፋ።

ዊንዶውስ ላይ የሚያስለቅስህን ልንገርህ። ከመሻገሩ በፊት ቪኤምዌር ቱልስን አራግፍ፣ ከተሻገረ በኋላ አልወጣም ይላል። አይፒውን ጻፍ። ካሻገርክ በኋላ ዲስኩን በቪርትአይኦ (በኬቪኤም ፈጣን የዲስክ መንገድ) ካስነሣኸው ሰማያዊ ስክሪን ይጠብቅሃል፣ ዊንዶውሱ ሾፌሩን አያውቀውምና። ስለዚህ መጀመሪያ በሳታ አስነሣው። ማሽኑ ላይ 1 ጊጋ የምታክል ባዶ ዲስክ በቪርትአይኦ ስካዚ ጨምር፣ የቪርትአይኦውን አይኤስኦ ከፍተህ ሾፌሩን ጫን፣ ትንሿ ዲስክ ከታየችህ ማሽኑን አጥፋ። አሁን ዋናውን ዲስክ ወደ ቪርትአይኦ ስካዚ ቀይር፣ የመነሻ ተራውን አስተካክል። የድሮዋ ኔትወርክ ካርድ ተደብቃ አይፒውን ይዛ ስለምትቀር ዲቫይስ ማናጀር ገብተህ የተደበቁትን አሳይ ብለህ ሰርዛት።

ሊኑክሱ ይቀላል። የኔትወርኩ ስም ይቀየራል፣ ቪኤምዌር ላይ ኢኤንኤስ192 የነበረው ፕሮክስሞክስ ላይ ብዙ ጊዜ ኢኤንኤስ18 ሆኖ ይመጣል፣ ኮንፊጉን አስተካክል። ሴንትኦኤስ አልነሣም ብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ ከቆመ ሬስኪው የሚለውን ከርነል ምረጥና ገብተህ ኢኒትራምኤፍኤሱን (ሲነሣ ቀድሞ የሚጫነውን የሾፌሮች ፋይል) እንደገና ሥራው።

ሦስት_ኮፒ

አንድ ነገር ልጨምር። በአይስካዚ ሉን ላይ በጋራ ኤልቪኤም (የሊኑክስ ዲስክ መከፋፈያ) ስትጠቀም ፕሮክስሞክስ ለረጅም ጊዜ ስናፕሾት አልነበረውም። በ2025ቱ 9 ላይ መጥቷል፣ ግን ገና ለሙከራ ነው ብለው ነው ያወጡት። እኔ ባለመኖሩ ብዙም አላዝንም። ስናፕሾት ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስደው ነው። አፕዴት ከማድረጌ በፊት ብለው ያነሡታል፣ ይረሱታል፣ ከ7 ወር በኋላ ዳታስቶሩ ይሞላና ሁሉም ማሽን ይቆማል። ቪኤምዌር ራሱ ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ይላል።

ለባክአፕ ግን ስናፕሾቱ አያስፈልግህም፣ ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር ማሽኑ እየሠራ ይወስድልሃል፣ ከመጀመሪያው በኋላ የተለወጠውን ብቻ ነው የሚልከው። ሌላ ዕቃ ላይ ጫነው፣ ያው ስቶሬጅ ላይ አይደለም። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥም አታስገባው። አንድ የማውቀው ቦታ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) የአድሚኑን ፓስወርድ ይዞ ገባ፣ ባክአፑም በዚያው ፓስወርድ ይከፈት ነበር፣ አብሮ ሄደ።

ራክ_ጥግ

ከ5 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ያለሁበትን ላሳውቃችሁ።

ፕሮክስሞክስ ገባን። ራሙን 610 ከነበረበት 430 አወረድነው፣ አንድም ሰው አልጮኸም። አሁን ሁለት ሰርቨር በአዲሱ ወገን ነው፣ 31 ማሽን ተሻግሯል። ድምፅ ሰጪዋ ከመዝገብ ቤት የተጣለች ዴስክቶፕ ናት፣ ኪቦርዷ ላይ ቡና ፈስሶባታል፣ ግን ታገለግላለች። ባክአፑን ሌላው ሕንፃ ውስጥ አስቀመጥነው። ልጁን አንድ ማሽን ከባክአፕ አስነሣ አልኩት፣ በ25 ደቂቃ አስነሣ። ሁለተኛው ኤሲም ጄኔሬተር ላይ ገብቷል።

ያስለቀሰኝ የፋይናንሱ ማሽን ነው። ሲዲ_ሮም ያለውን ሁሉ አድርጌ ተነሣ፣ ደስ አለኝ፣ ጠዋት ሲገቡ ሶፍትዌሩ «ላይሰንስ የለም» አለ። ለካ ላይሰንሱ ከኔትወርክ ካርዱ ማክ አድሬስ (መለያ ቁጥር) ጋር ነው የታሰረው። የድሮውን ቁጥር ፈልጌ አስገባሁለት፣ ሠራ። ለሚቀጥለው ሰው፦ ማክ አድሬሱንም ጻፉ።

አለቃዬ ፎርሙን ወደ 1 ፊርማ አውርዶታል። አሁን ለሰው ሁሉ ክላውድ አለን እያለ ነው፣ እኔም ዝም ብያለሁ።

ከማይታወቁት 5 ማሽኖች አንዱን ሳላጠፋው ኔትወርኩን ብቻ ነቀልኩት። አንድ ሳምንት ጸጥ። ይሰረዝ ብዬ ልወስን ስል በአሥረኛው ቀን ካፍቴሪያ የሚሠሩት እማማ ቢሮዬ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ይቺ የምሳ ኩፖን የምታትመው ማሽን ከታመመች ሰነበተች፣ በእጄ እየጻፍኩ ደከመኝ» አሉኝ። መልሼ ሰካሁት። ስሙን «ምሳ» አልኩት። አራቱን ገና አልነካኋቸውም።